ክትባት በስንት ሰዓት? የሰውነታችን ሰዓትና የመከላከል አቅማችን

(መለያ ሙዚቃ ይገባል፤ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ በየሳምንቱ ስለ ጤና የምንጨዋወትበት ጊዜ ደርሷል።

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ ክትባት የተከተበበትን ሰዓት የሚያስታውስ አለ? ቀኑን አላልኩም፤ ሰዓቱን ነው። ካርዱ ላይ ቀኑ ይጻፋል። ሰዓቱን ግን የሚጽፈው የለም፤ የሚጠይቅም የለምና።

(አጭር ዝምታ)

ተመራማሪዎች ግን መጠየቅ ከጀመሩ ሰንብተዋል። አንድ ዓይነት ክትባት፣ በአንድ ዓይነት መጠን፣ አንዱ ሰው ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ቢወጋ፣ የሁለቱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ እኩል ነው?

መልሱን ሳላቆይ ልንገራችሁ። ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ልዩነቱ በአንዳንድ ክትባት ላይ ታይቷል፤ በአንዳንዱ አልታየም፤ ጭራሽ ተገላቢጦሽ የታየበትም አለ። ለምን እንደሆነ አብረን እናያለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ አደራ አለኝ፦ ይህን ዝግጅት ሰምቶ የክትባት ቀጠሮውን የሚያስተላልፍ ሰው እንዳይኖር። ይህን አደራ ዛሬ ደጋግሜ ብነግራችሁ አትሰልቹኝ።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ እሺ፤ የሰውነት ሰዓት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ያለ ማንቂያ ደወል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ዓይናቸው የሚገለጥ ሰዎች ታውቃላችሁ አይደል? በእሑድ ቀን እንኳ መተኛት አይሆንላቸውም። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። በአንጎላችን ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖቻችን ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ፣ 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት የተሰበሰቡባት በጣም ትንሽ ቦታ አለች። የቀንና የሌሊቱን ዑደት የምትቆጥረው እሷ ናት። በዓይናችን የሚገባውን ብርሃን እየተከተለች ራሷን ታስተካክላለች። ሲነጋ ታውቃለች፤ ሲመሽም ታውቃለች።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀናችን ርዝመት ከክረምት እስከ በጋ ብዙ አይለዋወጥም፤ አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። የሰዓት አቆጣጠራችንም ከንጋት ይነሳል። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ያላችሁ ወገኖቻችን ግን በታኅሣሥ ከቀትር በኋላ ወዲያው ሲጨልምባችሁ ሰውነታችሁ ግራ ቢጋባ አይደንቅም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። አንጎል ውስጥ ያለችው ሰዓት ብቻዋን አይደለችም። በጉበታችን፣ በልባችን፣ በቆዳችን ባሉ ሕዋሳት ውስጥም የየራሳቸው ሰዓት አለ። ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በዝንብ ላይ ተመራምረው ያሳዩት ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። አዎ፣ በዝንብ ላይ! የበሰበሰ ሙዝ ላይ የምታንዣብበዋ ትንሽዬዋ ዝንብ ናት።

ለዛሬው ርዕሳችን ዋናው ግን ይህ ነው፦ በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሶቻችንም ሰዓት አላቸው። ልድገመው። ነጭ የደም ሕዋሶቻችንም ሰዓት አላቸው።

(አጭር ዝምታ)

ታዲያ ይህ ከክትባት ጋር ምን አገናኘው?

ክትባት ስንወጋ ወደ ክንዳችን የሚገባው የበሽታው መታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። የሞተ ወይም የተዳከመ ተህዋስ ሊሆን ይችላል፤ ከተህዋሱ የተወሰደ ቁራጭም ሊሆን ይችላል። መርፌው ባረፈበት አካባቢ ያሉ ሕዋሳት ይህን ይይዙና ወደ ብብት ይጓዛሉ። ብብት ውስጥ፣ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው እጢዎች አሉ። ክትባት በወሰዳችሁ ማግስት ብብታችሁን የሚያማችሁ ለዚህ ነው። እዚያ እጢ ውስጥ የመጣውን ነገር የሚመረምሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠብቃሉ። ለዚያ በሽታ የሚስማማው ሕዋስ ሲገኝ ይባዛል፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን መከላከያም ማምረት ይጀምራል።

አሁን ገበያን አስቡልኝ። ነጋዴው ጥሩ ዕቃ ተሸክሞ መጥቷል። ነገር ግን ሰው ሳይሰበሰብ ማለዳ ደርሶ ከሆነ፣ ወይም ገበያው ከተበተነ በኋላ ከሆነ፣ ዕቃው ምንም ቢያምር ዓይቶ የሚያነሳለት ጥቂት ነው። እጢዎቻችንም እንዲሁ ገበያተኛው የሚበዛበትና የሚሳሳበት ጊዜ አላቸው። ነጭ የደም ሕዋሳት ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ አይቀመጡም። በሰው ደም ውስጥ ብዛታቸው ከፍ የሚለው ሌሊት፣ ተኝተን ሳለ ነው። ሊነጋጋ ሲል ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ ከእነዚህ ሕዋሳት ብዙዎቹም ከደም ሥር ይወጣሉ፤ በቀን በደም ውስጥ ቁጥራቸው ይቀንሳል።

በካናዳ ሞንትሪያል የሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ይህን በአይጥ ላይ ፈትሸውታል። ክትባቱን በተለያየ ሰዓት ሲሰጡ የነጭ የደም ሕዋሳቱ ምላሽ ተለያየ። በሕዋሳቱ ውስጥ ያለውን ሰዓት ሲያጠፉት ግን ልዩነቱ ጠፋ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰዓቱ ራሱ መሆኑን ያሳያልና። አይጥ ግን ቀን ተኝታ ሌሊት የምትንቀሳቀስ ፍጥረት ናት። ስለዚህ የአይጥን ጠዋት እንዳለ ወስዶ የሰው ጠዋት ማድረግ አይቻልም። ጋዜጦች ብዙ ጊዜ ይህን ይረሱታል።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ሰው ላይስ? ሰው ላይ ምን ታየ?

እንግሊዝ አገር እንሂድ። የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 የሐኪም ቤቶችን ይዘው፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች የሚሰጠውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አጠኑ። ግማሾቹ ጠዋት፣ ግማሾቹ ከሰዓት በኋላ ተከተቡ። 276 ሰዎች ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ ክትባቱ ከያዛቸው ሦስት የቫይረስ ዓይነቶች በሁለቱ ላይ ጠዋት የተከተቡት አረጋውያን የበለጠ ፀረ እንግዳ አካል አምርተው ተገኙ። በሦስተኛው ላይ ልዩነት አልነበረም። ውጤቱ የታተመው በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በጥናቱ ጠዋት የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ የተባለው ደግሞ ከ9 እስከ 11 ሰዓት። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን ጠዋቱ ከ9 እስከ 11፣ ከሰዓት በኋላው ከ3 እስከ 5 ይሆናል። አያችሁ? ቁጥሮቹ ልክ ቦታ ተለዋወጡ! ዋሽንግተን ያለ ልጅ ለእናቱ ደውሎ «እማዬ፣ ከ9 እስከ 11 ባለው ጊዜ ተከተቢ» ቢላቸው፣ እናት ተዘጋጅተው የሚሄዱት ጥናቱ ዝቅ ብሎ ባገኘው ሰዓት ነው። ዝርዝሩን ስትነግሩ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኔዘርላንድ፣ ከናይሜኸን ከተማ ነው። እዚያ የቢሲጂን፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያውን ክትባት፣ ለጤነኛ አዋቂዎች ጠዋት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላና ማምሻውን 12 ሰዓት ላይ ሰጡ። እዚህም ጠዋት የተከተቡት ምላሽ በረታ። ይህ በ2020 ታተመ።

«እንግዲያው ጠዋት ነው የሚሻለው» ለማለት ተዘጋጅታችኋል። ቆይ፣ አትቸኩሉ።

የኮቪድ ክትባት ሲመጣ ጥያቄው እንደገና ተነሳ። ቻይና ውስጥ የሞተ ቫይረስ የያዘውን ክትባት የወሰዱ የጤና ባለሙያዎች ላይ ጠዋት በለጠ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ፋይዘርን ወይም አስትራዜኔካን የተከተቡ ከ2,000 በላይ የጤና ሠራተኞች ሲመረመሩ፣ ከፍ ያለ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘው ቀኑ ከገፋ በኋላ በተከተቡት ላይ ነው። ተገላቢጦሽ!

ከሁሉም ሰፊው ከእስራኤል የመጣው ነው። ማካቢ የተባለው የጤና ተቋም አባላት የሆኑ፣ የኮቪድ ክትባት የወሰዱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መዝገብ ተፈተሸ። በ2023 የታተመው ይህ ጥናት ፀረ እንግዳ አካልን አይደለም የቆጠረው፤ ከክትባቱ በኋላ ማን በኮቪድ ተያዘ የሚለውን ነው። ከረፋዱ እስከ ቀትር ማለፊያ ባለው ጊዜ የተከተቡት በተሻለ ተጠበቁ፤ አመሻሽ ላይ የተከተቡት ደግሞ በትንሹ። ልዩነቱ ጎላ ብሎ የታየው በወጣቶችና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ነበር።

(አጭር ዝምታ)

እስቲ እንሰብስበው። በኢንፍሉዌንዛ፣ በአረጋውያን ላይ፦ ጠዋት። በቢሲጂ፣ በአዋቂዎች ላይ፦ ጠዋት። በኮቪድ፦ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ዘግየት ብሎ፣ አንዱ እኩለ ቀን አካባቢ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሰዓት ለውጥ እንደሚያመጣ እንጂ ለሁሉም ክትባት የሚሆን አንድ ወርቃማ ሰዓት እንዳለ አይደለም። የክትባቱ አሠራር ይለያያል፤ የተከታቢው ዕድሜ ይለያያል። ደግሞም መዝገብ የፈተሸ ጥናትና ሰዎችን በዕጣ መድቦ የሞከረ ጥናት እኩል ክብደት የላቸውም። ማለዳ የሚከተብና ማታ የሚከተብ ሰው ኑሮው ራሱ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ማታ የሚመጣው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ይሆናል።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ አሁን በእኔ ግምት ከሰዓቱ ይልቅ ወደሚበልጠው ነገር ልውሰዳችሁ። እንቅልፍ!

ክትባት ከመከተባችሁ በፊት በነበሩት ሌሊቶች ስንት ሰዓት ተኛችሁ? የተከተባችሁ ዕለት ማታስ?

ቺካጎ ውስጥ 25 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በአንድ ጥናት ተሳተፉ። ከፊሎቹ ለተከታታይ ሌሊቶች 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ተኙ። በዚህ መሐል ሁሉም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወሰዱ። በ10ኛው ቀን ሲለካ፣ እንቅልፍ ያጡት ወጣቶች ፀረ እንግዳ አካል ከሌሎቹ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ከግማሽ በታች! ወጣቶች፣ ጤነኞች፣ ያው ክትባት። እርግጥ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ እንደገና ሲለካ ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ዘግይተው ደረሱ ማለት ነው። ወረርሽኝ በር ላይ ቆሞ ሳለ ግን መዘግየት ራሱ ዋጋ አለው።

ሌላው በጀርመን፣ በሉቤክ ከተማ የተደረገው ነው። 19 ሰዎች ብዙዎቻችን የወፍ በሽታ የምንለውን የጉበት ሕመም ከሚያመጡት አንዱን፣ ሄፓታይተስ ኤን፣ የሚከላከለውን ክትባት ጠዋት ወሰዱ። ያን ዕለት ማታ ከፊሎቹ ተኙ፤ ከፊሎቹ ሌሊቱን ሙሉ ነቅተው አደሩ። ልዩነታቸው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ የተኙት ፀረ እንግዳ አካል ነቅተው ካደሩት ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ።

ለምን? እንቅልፍ በወሰደን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኮርቲሶል ዝቅ ይላል፤ የዕድገት ሆርሞን ከፍ ይላል። ይህ ሁኔታ የክትባቱን መልእክት የያዙት ሕዋሳትና ተቀባዮቹ ሕዋሳት እንዲግባቡ ይረዳል። በ2023 ደግሞ እነዚህንና መሰል ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ወጣ፤ በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙ ሰዎች ለክትባት የሚሰጡት ምላሽ ዝቅ ይላል ይላል። በወንዶች ላይ ግልጽ ነው። በሴቶች ላይ ውጤቱ የተቀላቀለ ነበር፤ የወር አበባ ዑደትና ሆርሞን የሚለዋወጥ በመሆኑ ይሆናል የሚል ማብራሪያ ተሰጥቶታል።

ስለዚህ ሰዓቱን መምረጥ ባትችሉ እንቅልፋችሁን ለመጠበቅ ሞክሩ። ከክትባቱ በፊት ባሉት ሌሊቶችና የተከተባችሁ ዕለት ማታ። ቀላል ምክር ይመስላል። በሰው ቤት የምትሠሩ፣ ሪያድና ቤሩት ሆናችሁ ከሁሉ በኋላ ተኝታችሁ ከሁሉ በፊት የምትነሡ እህቶቻችን ግን ቀላል እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ። እኔም አውቃለሁ።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አቅራቢ፦ አሁን እናቶችን ላነጋግር። «ልጄን ጠዋት ላስከትብ ወይስ ከሰዓት?» የምትሉ ካላችሁ፣ መልሴ አጭር ነው፦ በተባለው ቀን ውሰዷቸው።

አንደኛ ነገር፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን የሰውነት ሰዓቱ ገና አልተገራም። ቀንና ሌሊቱን ለይቶ የማያውቀው፣ እናቱን ሌሊት ሲያነቃ የሚያድረው ለዚህ ነው። ሰዓቱ መልክ መያዝ የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሲሞላው ነው። በኔዘርላንድ አዋቂዎች ላይ የታየውን የቢሲጂ ውጤት ሲወለድ ለሚከተብ ጨቅላ ማዋል አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር ከጤና ኬላ ሕይወት የመጣ ነው። የቢሲጂና የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ነው የሚመጣው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት ይበቃል። በፈሳሹ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃናት እስኪሰበሰቡ ብትጠብቅ አትፍረዱባት። እናትም ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ ደርሳ ሳለ «ጠዋቱ አልፎብኛል» ብላ ብትመለስ፣ የ6ኛው፣ የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት ክትባት እየተንጠባጠበ ይቀራል። ያልተወጋ ክትባት በየትኛውም ሰዓት አይሠራም።

አደራዬን ደገምኩት አይደል? ልክ ናችሁ፤ ደገምኩት።

(የስልክ ድምፅ)

አቅራቢ፦ ከአንድ አድማጫችን የተቀዳ ጥያቄ አለን፤ እንስማቸው።

የአድማጭ ድምፅ፦ «ልጄ፣ እኔ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ቀን እተኛለሁ፣ ሌሊት ቆሜ አድራለሁ። ዘንድሮ ሐጅ ለመሄድ አስቤ የማጅራት ገትር ክትባት ታዝዞልኛል። ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ ብከተብ ይሻላል ወይስ ተኝቼ ከተነሣሁ በኋላ?»

አቅራቢ፦ አባባ፣ ጥያቄዎ ግሩም ነው፤ ሐጁንም አላህ ይቀበልዎ። ብራዚል ውስጥ በትክክል ይህን የመሰለ ጥናት ተደርጓል። በአንድ የማጅራት ገትር ክትባት ላይ የሌሊት ሠራተኞችን ከቀን ሠራተኞች ጋር አነጻጽረው፣ የሌሊቶቹ ምላሽ ደከም ብሎ አገኙት። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። ክትባቱ አይሠራልዎትም ማለት አይደለም፤ የእንቅልፍ ነገር እርስዎን ከሌላው ይበልጥ ይመለከትዎታል ማለት ነው።

የሚቻል ከሆነ እረፍት በወጡበት ቀን፣ በደንብ ተኝተው ከተነሡ በኋላ ይከተቡ። ከተከተቡ በኋላም ያለዎትን የእንቅልፍ ሰዓት ለማንም አይስጡ፤ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ይጋርዱ፣ ስልክዎን ያጥፉ። ብርሃን የአንጎልን ሰዓት እንደሚያነቃ ተነጋግረናል። ከሥራ በወጡበት ጠዋት ካልሆነ ሌላ ዕድል ከሌለዎት ደግሞ ያን ጠዋት ይከተቡና ቤትዎ ገብተው ይተኙ።

ከሰዓቱ በላይ ግን ቀኑን ይቁጠሩ አባባ። ለሐጅ የሚሰጠው የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመድረስዎ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ሰውነት መከላከያውን ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋል፤ የመግቢያ ደንቡም ይህን ይጠይቃል። የክትባት ካርዱን ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡት።

እናንተም በሌሊት የምትሠሩ ነርሶች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ የረጅም መንገድ ሾፌሮች፣ ቀን ቀን እንዴት እንደምትተኙ ጻፉልን ወይም ደውሉልን። በሚቀጥለው ሳምንት የፈረቃ ሥራና እንቅልፍ የሚል ዝግጅት ይዘን እንቀርባለን፤ የእናንተን ዘዴም እናነባለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ያበቃል)